በሰዓት ሞተር የሚሠራ ብርቱካን፤ ሰው በግድ ይታረማልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ የምናጠናው ጥያቄ አንድ ነው። ክፉ የሠራ ሰው ዳግመኛ ክፉ መሥራት እንዳይችል ቢደረግ፣ ደግ ሰው ሆነ ማለት ይቻላልን? ጥያቄው የሊቃውንት ብቻ እንዳይመስለን። ልጇ ተደብድቦ የመጣባት እናት ትጠይቀዋለች፤ ሱቁ የተሰበረበት ነጋዴም ይጠይቀዋል፤ ልጁ እስር ቤት የገባበት አባት ሌሊት ሲገላበጥ የሚያስበው ይህንኑ ነው። እኛም በቡታጅራና በመስቃን ገጠሮች የምንኖር ወጣቶች፣ አብረውን ፊደል የቆጠሩ ጓደኞች በጠብ፣ በስርቆትና በስካር መንገድ ሲጠፉ እያየን ጥያቄውን ልናልፈው አንችልም።

ለጥናታችን መነሻ እንዲሆነን አንድ የታወቀ ፊልም መርጠናል። ከፊልሙ ተነሥተን ወደ ቅዱሳት መጻሕፍት፣ ከዚያም ወደ አገራችን ሕግና ወደ አባቶቻችን ሥርዓት እንሄዳለን።

ሀ. የፊልሙ ታሪክ ባጭሩ

ፊልሙ በእንግሊዝ አገር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1971 የታየ ነው። ርእሱ ‹‹ክሎክወርክ ኦሬንጅ›› ይባላል። ወደ ቋንቋችን ስንመልሰው፣ በሰዓት ሞተር የሚሠራ ብርቱካን እንደ ማለት ነው። ያዘጋጀው ስታንሊ ኩብሪክ ሲሆን፣ ታሪኩን ያገኘው አንተኒ በርጀስ የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1962 ካሳተመው ልብ ወለድ ነው። በርጀስ በካቶሊክ ቤተ ሰብ ያደገ ሰው ስለ ነበር፣ ስለ ኃጢአትና ስለ ነፃ ፈቃድ የሚነሣው ክርክር ለእርሱ እንግዳ አልነበረም።

አስቀድመን አንድ ማሳሰቢያ እንስጥ። ፊልሙን ፈልጋችሁ እንድታዩት አንመክርም። ድብደባና የሴት ልጅ መደፈር በግልጽ ይታይበታልና። ለጥናታችን ታሪኩን ማወቅ ይበቃል።

ታሪኩ የሚፈጸመው ገና በሚመጣ ዘመን ነው። አሌክስ የሚባል ወጣት ሦስት ጓደኞቹን አስከትሎ ሌሊት ሌሊት ይወጣል። መድኃኒት የተቀላቀለበት ወተት ጠጥተው መንገድ ላይ የወደቀውን ሽማግሌ ይደበድባሉ፤ የአንድ ደራሲን ቤት በማታለል አስከፍተው እርሱን ሽባ እስኪሆን ይመቱታል፤ ሚስቱን ያዋርዳሉ። ወላጆቹ አንድ ጣሪያ ሥር አብረውት እየኖሩ ሌሊቱን የት እንደሚያድር አጥብቀው አይጠይቁትም። በመጨረሻ አሌክስ አንዲት ሴት ገድሎ ይያዛል፤ የገዛ ጓደኞቹም ከድተው ጥለውት ይሸሻሉ። አሥራ አራት ዓመት ይፈረድበታል።

በወኅኒ ቤት ሳለ ለእስረኞች የተመደበውን ቄስ በመጻሕፍት ክፍል ይረዳ ነበር። መጽሐፍ ቅዱስም ያነባል። ነገር ግን ሕማማተ ክርስቶስን ሲያነብ ራሱን በሮማዊው ወታደር ቦታ አስቀምጦ፣ ጌታን የሚገርፈው እርሱ እንደ ሆነ እያሰበ ይደሰታል። ይህን ነገር ልብ እንበል። ቅዱስ መጽሐፍ በእጁ ነበረ፤ ልቡ ግን አልተመለሰም ነበር።

ሁለት ዓመት ከታሰረ በኋላ መንግሥት አዲስ ሕክምና አገኘሁ ይላል፤ ስሙም የሉዶቪኮ ሕክምና ነው። አሌክስ ቶሎ ለመፈታት ሲል ይቀበለዋል። ሐኪሞቹ መድኃኒት ይወጉታል፤ ወንበር ላይ አስረው የዐይኑን ቆብ በብረት ይዘው እንዳይከድን ያደርጉታል፤ የጭካኔ ፊልም እያከታተሉ ያሳዩታል። መድኃኒቱ ያቅለሸልሸዋልና፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጭካኔን ባሰበ ቁጥር ሆዱ ይገለበጣል። ሩሲያዊው ሊቅ ፓቭሎቭ ውሻን ምልክት በሰማ ቁጥር ለሃጩን እንዲያዝረከርክ እንዳስለመደ ተምረናል። ሐኪሞቹም በሰው ላይ ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ከዚያም መድረክ ላይ አውጥተው ለባለ ሥልጣኖች ያሳዩታል። አንድ ሰው ይሰድበዋል፣ በጥፊ ይመታዋል፣ ጫማውን እንዲልስ ያዘዋል። አሌክስ እጁን ሊያነሣ ሲል ያቅለሸልሸዋልና ጫማውን ይልሳል። ባለ ሥልጣኖቹ ያጨበጭባሉ። በዚህ ጊዜ ከመካከላቸው አንድ ሰው ብቻ ተነሥቶ ይቃወማል። እርሱም ቄሱ ነው።

ለ. የቄሱ ተቃውሞና የሚኒስትሩ መልስ

የቄሱ ነገር እንዲህ ነው። ይህ ልጅ ክፉ መሥራቱን አቁሟል፤ ግን መርጦ አላቆመም። መምረጥ የማይችል ፍጥረት ደግሞ በጎ ነው ሊባል አይገባውም። የፊልሙ ርእስም ትርጉም ይኸው ነው። ብርቱካን ከላይ ሲያዩት የሚያምር፣ የሚሸትት፣ ውሃ ያዘለ ሕያው ፍሬ ነው። ቢቆርጡት ግን ውስጡ የሰዓት ጥርስና ሽቦ ቢሆን፣ ማን ፍሬ ይለዋል?

የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ከዚህ ጋር ይስማማል። በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 15 እንደ ተማርነው፣ እግዚአብሔር ሰውን ከፈጠረው በኋላ ለገዛ ምክሩ ተወው፤ እሳትና ውሃ ቀርበውለት እጁን ወደ ፈለገው መዘርጋት የእርሱ ፈንታ ሆነ። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 30 ሙሴ ሕይወትንና ሞትን በሕዝቡ ፊት ሲያኖር፣ እንዲመርጡ መከራቸው እንጂ አላስገደዳቸውም። በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 3 ጌታችን በደጅ ቆሞ እንደሚያንኳኳ ተጽፏል። ሁሉ የሚቻለው አምላክ በሩን መስበር አቅቶት አይደለም። በግድ የተከፈተ ልብ ቤቱ ስለማይሆን ነው።

ይሁን እንጂ የሚኒስትሩን መልስ በቀላሉ ልናልፈው አይገባም። ሚኒስትሩ በጥቅሉ የሚለው፣ ‹‹እኛ የከፍተኛ ሥነ ምግባር ጉዳይ አያሳስበንም፤ ወንጀል እንዲቀንስ፣ የተጨናነቀው ወኅኒ ቤትም እንዲቃለል ነው የምንሻው›› የሚል ነው። የተደበደበው ሽማግሌና ያች የተዋረደች ሴት ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር? ‹‹የልጁ ነፃ ፈቃድ ለእኛ ምናችን ነው? እኛ በሰላም ወጥተን እንግባ›› ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል? ስለ ነፃ ፈቃድ የምናስተምር እኛ የተበደለውን ከረሳን፣ ትምህርታችን ባዶ ይሆናል።

ስለዚህ ሁለት ነገሮችን መለየት አለብን፤ እነርሱም መከልከልና ማረም ናቸው። ሰው የሚገድልን እጅ መያዝ፣ የሚዘርፈውን ማሰር ተገቢ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 13 ባለ ሥልጣን ሰይፍ የታጠቀው በከንቱ እንዳይደለ ያስተምራል። ሕግ እጅን ይከለክላል፤ መከልከሉም ለደካማው ጋሻ ነው። ስሕተቱ የሚጀምረው እጁ የታሰረውን ሰው ‹‹ልቡ ተፈወሰ›› ያልን ዕለት ነው። የፊልሙ ሐኪሞች መከልከልን ማረም ብለው ሰየሙት። ሐሰታቸው እዚህ ላይ ነው።

ሐ. ‹‹ማረም›› ምን ማለት ነው?

ቋንቋችን እዚህ ላይ ትልቅ ትምህርት ይሰጠናል። ዱሮ ‹‹ወኅኒ ቤት›› እንል የነበረውን ዛሬ ‹‹ማረሚያ ቤት›› እንለዋለን። ማረም የሚለው ቃል ሁለት አገልግሎት አለው፤ የተሳሳተን ማቅናት አንድ፣ ከእህል መካከል አረም መንቀል ሁለት። በመስቃን በበርበሬና በበቆሎ ማሳ ውስጥ ያደገ ሰው ሁለተኛውን በጀርባው ሕመም ያውቀዋል። አራሚ ጎንበስ ብሎ፣ በእጁ እየለየ ይነቅላል። ከችግኙ ሥር የበቀለውን አረም ሲነቅል ችግኙ አብሮ እንዳይነቀል አፈሩን በሌላው እጁ ይዞ ነው። ቸኩሎ የሚያርም ሰው ባዶ መሬት ያተርፋል።

አሌክስን ያከሙት ሐኪሞች ያተረፉት ባዶ መሬት ነው። ይህ ልጅ በውስጡ አንድ መልካም ነገር ነበረው፤ የቤቶቨንን ሙዚቃ፣ ይልቁንም ዘጠነኛውን ሲምፎኒ አጥብቆ ይወድ ነበር። በሕክምናው ጊዜ የጭካኔው ፊልም ከሙዚቃው ጋር ስለ ታየ፣ ከጭካኔው ጋር ሙዚቃውም አብሮ ተነቀለ። ከዚያ በኋላ ያንን ዜማ በሰማ ቁጥር ያመው ጀመር። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ስለ ስንዴውና ስለ እንክርዳዱ ባስተማረው ምሳሌ፣ ባለቤቱ አገልጋዮቹን ከመንቀል የከለከላቸው ስንዴው አብሮ እንዳይጠፋ ነበር።

የአገራችን ሕግስ ምን ይላል? በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1996 ዓ.ም. በወጣውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በጸናው የወንጀል ሕግ ተተክቷል። አዲሱ ሕግ በአንቀጽ 1 ዓላማውን ሲገልጽ፣ ወንጀል እንዳይፈጸም አስቀድሞ ማስጠንቀቅን፣ ማስጠንቀቂያው ካልበቃም ቀጥቶ ማረምን ይጨምራል። በአንቀጽ 202 ደግሞ እስረኛ ከቅጣቱ ሦስት እጅ ሁለቱን ከፈጸመ፣ ጠባዩን ካሻሻለና ያደረሰውን ጉዳት በሚቻለው መጠን ከካሰ በአመክሮ ሊፈታ እንደሚችል ይደነግጋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 18 ጭካኔ የተሞላበትንና ሰብአዊ ክብርን የሚያዋርድ አያያዝ ይከለክላል። በአንቀጽ 21 ደግሞ እስረኛ የትዳር ጓደኛው፣ ዘመዶቹ፣ ወዳጆቹና የሃይማኖት አማካሪው እንዲጎበኙት መብት ይሰጠዋል።

ሁለት ነጥቦች እዚህ አሉ። አንደኛ፣ አመክሮ ካሳን ይጠይቃል። ይህም ዘኬዎስ ያደረገው ነው፤ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 እንደ ተጻፈው፣ የበደለውን አራት እጥፍ ለመመለስ በራሱ አንደበት ተናገረ። ማንም አላዘዘውም። ሁለተኛ፣ የእስረኛ መጎብኘት ከምጽዋት የሚቆጠር ብቻ ሳይሆን በአገሪቱ ሕግ የታወቀ መብት ነው። የንስሐ አባት ወደ ማረሚያ ቤት ሲሄዱ፣ እስረኛው መብቱን አገኘ እንጂ ውለታ አልተዋለለትም።

መ. አንድ ሽፍታ እንዴት ታረመ?

ለፊልሙ መልስ የሚሆን ታሪክ በስንክሳራችን ሰኔ 24 ቀን እናገኛለን፤ የቅዱስ ሙሴ ጸሊምን ታሪክ ማለታችን ነው። ሙሴ በግብፅ አገር የኖረ ጥቁር፣ ግዙፍ፣ ብርቱ ሰው ነበር። አገልጋይ ሳለ በክፋቱ ተባረረ፤ ከዚያም የወንበዴዎች አለቃ ሆነ። በመብላት፣ በመጠጣት፣ በመዝረፍና በመግደል ኖረ። አሌክስ ከእርሱ ጋር ቢተያይ ሕፃን ነው።

ይህ ሰው ግን ጥያቄ ነበረው። ፀሐይን እየተመለከተ አምላክ መሆንዋን ይጠይቅ ነበር። በአስቄጥስ በረሃ ያሉ መነኮሳት እግዚአብሔርን ያውቁታል ሲሉት ሰምቶ፣ ሰይፉን እንደ ታጠቀ ተነሥቶ ሄደ። አባ ኤስድሮስ ሲያዩት ደነገጡ፤ ነገር ግን አላባረሩትም፤ አስተማሩት፤ ወደ አበ ምኔቱም አደረሱት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እናስተውል። ሙሴ በሁለት ሳምንት አልተፈወሰም። የዱሮው ምኞት ለብዙ ዓመታት አስጨነቀው። ወደ አባ ኤስድሮስ እየተመላለሰ ይናዘዝ ነበር። ሌሊት ሌሊት እየተነሣ የሽማግሌ መነኮሳትን ማድጋ ወስዶ፣ ሩቅ ካለው ምንጭ ውሃ እየቀዳ ይሞላላቸው ነበር። ዱሮ ሌሊት የሚወጣው ለዝርፊያ ነበር፤ ያው ሌሊት፣ ያው ጉልበት ለአገልግሎት ሆነ። ጉልበቱን አልነቀሉበትም፤ አቀኑለት። ማረም ማለት ይህ ነው።

አንድ ቀን አራት ወንበዴዎች ወደ በዓቱ ገቡበት። ብርቱ ነበርና አራቱንም አስሮ፣ እንደ ገለባ ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዳቸውና ወንድሞች ምን ላድርጋቸው ብሎ ጠየቀ። ወንበዴዎቹ ያ የታወቀው ሙሴ እርሱ መሆኑን ባወቁ ጊዜ እነርሱም ንስሐ ገቡ። ከላይ የለየናቸው ሁለቱ ነገሮች በዚህ ታሪክ ጎን ለጎን ቆመዋል። ገመዱ ከለከላቸው፤ የመለሳቸው ግን እንደ እነርሱ የነበረ ሰው መለወጡን ማየታቸው ነው።

በሌላ ጊዜ በአንድ ጥፋተኛ ወንድም ላይ እንዲፈርድ ቢጠራ፣ ቀዳዳ ባለው ዕቃ አሸዋ ተሸክሞ መጣ። ምንድር ነው ቢሉት፣ የራሱ ኃጢአት ከኋላው እየፈሰሰ እርሱ በሌላው ሊፈርድ መምጣቱን አስረዳቸው። ወንድማቸውን ይቅር አሉት።

ሠ. የአባቶቻችን ሴራ

ወደ አገራችን እንመለስ። በአማርኛ ሴራ ሲባል ተንኮል ነው የሚታሰበን። በጉራጌ ግን ሴራ ማለት ሥርዓት፣ ሕግ ማለት ነው። የሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ቂጫ፣ የክስታኔ ጎርደና ሴራ፣ የመስቃንና የዶቢ ፈረዘገኘ ሴራ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርዱ የመጡ ናቸው። ዛሬ የነፍስ ግድያ ጉዳይ የፍርድ ቤት ነው፤ ሆኖም ፍርድ ቤቱ ካሰረ በኋላም ቢሆን፣ ሽማግሌ ካልገባበት ደም እንደማይደርቅ ሁላችንም እናውቃለን።

ሥርዓቱ በጥቅሉ እንዲህ ነው። ገዳዩ ከሟች ወገን ዐይን ይርቃል። ወገኖቹ ሽማግሌ ይልካሉ፤ ሽማግሌዎቹም እስኪሰሙ ድረስ ይመላለሳሉ። እውነቱ ይነገራል፤ ጥፋት ይታመናል። ካሳው ከገዳዩ ብቻ ሳይሆን ከዘመዶቹ ይዋጣል። በመጨረሻም በመሐላ ይታሰራል። ለመስቀል ከየከተማው ወደ አገር ቤት የሚገባው ዘመድ ሁሉ ተጣልቶ እንዳይበላ፣ ያለፈው ዓመት ቂም ከበዓሉ በፊት እንዲፈታ ይደረጋል።

አሁን ይህንን ከፊልሙ ጋር እናስተያየው። የሉዶቪኮ ሐኪሞች አሌክስን ስለ ብዙ ነገር ጠየቁት፤ ምን እንደሚሰማው፣ የት ላይ እንደሚያመው። አንድ ነገር ግን አልጠየቁትም። ‹‹የበደልሃቸው ሰዎች እንዴት ሆኑ?›› አላሉትም። በዚያ ሁሉ መሣሪያ መካከል ተበዳይ የለም፤ ይቅርታ የለም፤ ካሳ የለም። ስለዚህ አሌክስ ሲፈታ የደበደበው ሽማግሌ ያገኘዋል፤ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ይደበድበዋል። የዱሮ ግብረ አበሮቹ ፖሊስ ሆነው ኖሮ ያሠቃዩታል። ደራሲውም ባወቀው ጊዜ ይበቀለዋል። መንግሥት ወንጀለኛውን ብቻ አክሞ የተበደሉትን ስለ ተዋቸው፣ ቁስላቸው መርቅዞ ቆየው። የሽማግሌው መንገድ ረጅምና አድካሚ የሚሆነው ሁለቱንም ወገን ስለሚነካ ነው። በ2011 ዓ.ም. በመስቃንና በማረቆ ወንድማማች ሕዝቦች መካከል በተነሣው ግጭት ሰው ሞቷል፤ ቤት ተቃጥሏል፤ ብዙዎች ከቀያቸው ተፈናቅለዋል። እንዲህ ያለውን ቁስል የጸጥታ ኃይል ብቻውን እንደማያድነው ዐይናችን አይቷል። መሣሪያ ያቆመዋል፤ የሚያድነው ግን እውነትና ይቅርታ ነው።

ነገር ግን የአባቶቻችንን ሥርዓት ስናመሰግን ጉድለቱን መሸፋፈን የለብንም። ሽምግልናም ራሱ ግዴታ ሊሆን ይችላል። ተጠልፋ ወይም ተደፍራ የተጎዳች ልጅ ሳትጠየቅ፣ ጉዳዩ በሁለት ቤተ ሰቦች መካከል በካሳ ሲያልቅ እርቅ ተደረገ ይባላል። በ1949ኙ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ክሱ ይቀር ነበር፤ የ1996ቱ ሕግ ይህን አስወግዷል። ‹‹ድፍረት›› የተባለው እ.ኤ.አ. በ2014 የታየው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የአማርኛ ፊልም የሚያሳየው ይህንኑ ነው፤ ጠላፊዋን ገድላ የተከሰሰች ታዳጊ፣ በአንድ በኩል የሽማግሌ ሸንጎ በሌላ በኩል ፍርድ ቤት ይጠብቃታል። ርእሱም ሁለት ትርጉም አለው፤ ድፍረት ጀግንነት ነው፣ መደፈርም ነው። በጉራጌም የቃቄ ወርድወት የተባለችው ሴት በ19ኛው መቶ ዓመት በጆካ ሸንጎ ፊት ቆማ ስለ ሴቶች የጋብቻና የፍቺ መብት መሟገትዋ እስከ ዛሬ ይተረካል። የተበዳይን አፍ ዘግቶ የሚገኝ እርቅ፣ ዐይኑን በብረት ከተያዘው ልጅ ሕክምና በምን ይሻላል? ይቅርታም እንደ ንስሐ ሁሉ በፈቃድ ካልሆነ ይቅርታ አይደለም።

ረ. ሲፈታ ማን ይቀበለዋል?

ፊልሙ አሌክስ በመፈታቱ አያልቅም። ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ሲሄድ ክፍሉ ለሌላ ሰው ተከራይቶ ያገኘዋል። ወላጆቹ ሶፋ ላይ ከተከራዩ ጋር ተቀምጠዋል። የሚሄድበት ስለሌለው ወደ መንገድ ይወጣል። ጠላቶቹም የሚያገኙት እዚያው መንገድ ላይ ነው። በመጨረሻ ራሱን በመስኮት ይወረውራል፤ ግን ይተርፋል። መንግሥት ስሙ እንዳይጠፋ ብሎ ሕክምናውን ያፈርስለታል፤ ሚኒስትሩ ራሱ ምግብ እያጎረሰው ፎቶግራፍ ይነሣል። አሌክስ እንደ ዱሮው ክፉ ሆኖ ‹‹ዳነ›› ተባለ።

በርጀስ የጻፈው መጽሐፍ ግን ሌላ መጨረሻ ነበረው። መጽሐፉ 21 ምዕራፍ ነው፤ በመጨረሻው ምዕራፍ አሌክስ ዕድሜው ሲገፋ ጭካኔው ራሱ ይሰለቸዋል፤ አግብቶ ልጅ መውለድን ያስባል። የአሜሪካው አሳታሚ ይህን ምዕራፍ አስቀርቶት ስለ ነበር፣ ፊልሙም ያንኑ ተከተለ። አንድ ምዕራፍ በመቅረቱ ሰው የማይለወጥ መሰለ። እኛስ ስለ ስንቱ ሰው የመጨረሻውን ምዕራፍ ቆርጠን እንናገራለን? ‹‹እርሱማ የታወቀ ሌባ ነው፤ እርሷማ እንዲህ ናት›› ስንል የምንዘጋው መጽሐፍ ገና አልተጻፈም።

እንግዲህ ነገሩ ወደ እኛ ይመጣል። ቅጣቱን የጨረሰ አንድ ወጣት ከማረሚያ ቤት ወጥቶ ወደ ጉባኤያችን ቢመጣ ምን እናደርጋለን? ከበሮ እንዲይዝ እንፈቅድለታለንን? የሰንበቴውን ማኅበር ገንዘብ አጠገቡ እናስቀምጣለንን? እኅቶቻችን ከመዝሙር ጥናት ማታ ሲመለሱ አብሯቸው ቢሄድ ይታመናልን? እነዚህ ጥያቄዎች ቀላል አይደሉም፤ ሁሉንም ‹‹አዎ›› ብሎ መመለስም ጥበብ አይደለም። አባ ኤስድሮስም ሙሴን በገባበት ቀን ቅስና አላሾሙትም። ነገር ግን በር ከፈቱለት፤ አጠገቡም ቆዩ። ቅዱስ ጳውሎስ አናሲሞስን ወደ ፊልሞና ሲመልሰው ዕዳውን አልሸሸገም፤ ዕዳው በእኔ ይቆጠር አለ እንጂ። ዕዳን ሳይክዱ ሰውን መቀበል፤ ክርስቲያናዊው መንገድ ይህ ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ ጥናት ሦስት ነገሮችን እንያዝ።

አንደኛ፤ ሕግ እጅን ይከለክላል፤ ይህም ለተበዳይ መጠጊያ ነውና እናክብረው። ልብን የሚመልሰው ግን ጸጋ እግዚአብሔርና የሰው ፈቃድ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው።

ሁለተኛ፤ ተበዳይ የተረሳበት እርማት እርማት አይደለም። ለወንጀለኛው ከመራራታችን በፊት የተጎዳውን እንጠይቅ፤ ዝም እንዲል አናስገድደው።

ሦስተኛ፤ ወንጀለኛ ብቻውን አይጠፋም፤ ብቻውንም አይመለስም። ልጅ ሌሊቱን የት እንደሚያድር የሚጠይቅ ጎረቤት፣ እስረኛን የሚጎበኝ ጓደኛ፣ የተፈታውን የሚያስቀምጥ ጉባኤ ያስፈልጋል። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 በመጨረሻው ቀን ከሚጠይቀን አንዱ ይህ ነው፤ በእስር ቤት ሳለ መጥተን ጠይቀነው እንደ ሆነ።

ስለዚህ ለሰንበት ትምህርት ቤታችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ለበዓል ወደ ማረሚያ ቤት ዳቦ ይዞ መሄድ መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን በዓመት አንድ ቀን ብቻ የሚታይ ወዳጅ ወዳጅ አይባልም። ከካህናት አባቶቻችን ፈቃድና ምክር ተቀብለን በየወሩ የሚሄዱ ሁለት ሁለት ወንድሞች ይመደቡ። እስረኛው የሚፈታበት ቀን ሲቃረብ ደግሞ ሽማግሌዎች አስቀድመው ወደ ተበዳዩ ቤት ይሂዱ። ተበዳዩ እሺ ካለ፣ መልካም፤ እሺ ካላለም ቁስሉ ይከበርለት፤ እኛም መጠበቅን እንልመድ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. መከልከልና ማረም በምን ይለያያሉ? ከቤታችሁና ከትምህርት ቤታችሁ ምሳሌ አምጡ።

2. በፍርሃት ብቻ ከክፋት የራቀ ሰው ምን ይጎድለዋል? መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 15ን አንብባችሁ ተወያዩ።

3. ዘኬዎስ ጌታን ከተቀበለ በኋላ ካሳ መክፈል ለምን አስፈለገው? ‹‹እግዚአብሔር ይቅር ብሎኛል›› ማለት ብቻውን ለምን አይበቃም?

4. በአካባቢያችሁ ሽማግሌዎች ሲያስታርቁ የሴቶችና የልጆች ቃል ይሰማልን? ካልተሰማ ምን ማድረግ ይቻላል?

5. ከማረሚያ ቤት የወጣ ወጣት ወደ ጉባኤያችን ቢመጣ፣ በመጀመሪያው ወር ምን ኃላፊነት ልንሰጠው እንችላለን? ምንስ እናቆይለታለን? ምክንያታችሁን ግለጹ።

የሙሴ ጸሊምን ንስሐ የተቀበለ አምላክ የእኛንም የጠፉትንም ወንድሞቻችንን ልብ ይመልስልን፤ የተበደሉትን ያጽናናልን፤ አገራችንን በሰላም ይጠብቅልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።